ሽታ የሌለው መጽሐፍ

ጥር 9

ለወንድሜ ለማንቆርቆሪያው፣

እንዴት ነህ? ባሕሩ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን። ሦስት ደብዳቤ ልከህ አንድም መልስ ስላላገኘህ መናደድህን አውቃለሁ፤ አንተ ሳትጣድ የምትፈላ ሰው ነህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ዝም ያልኩት ረስቼህ አይደለም፣ የምጽፍልህ ነገር እስኪበስል ነው።

አዎ፣ የሰማኸው እውነት ነው። የድሮውን ሥራዬን ትቼ ትልቁ ሆቴል ወጥ ቤት ገብቻለሁ። ደመወዙ አይበልጥም። የገባሁበትን ምክንያት ደግሞ ሳልነግርህ ገምተኸዋል፤ «ጋሼ ሦስት ቀን» የምንለው ሰውዬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ምሳውን እዚህ ይበላል።

ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ ብለሃል። ነገሩ ሲሆን አንተ አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርክ፣ የሰማኸውም ቁርጥራጩን ነው። አባባ ሠላሳ ዓመት በመርከብ ወጥ ቤት ሲያበስሉ በየወደቡ የቀመሱትን በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፉ ነበር። እሑድ እሑድ ከማዕዳችን የማይጠፋው ጓደኛቸው፣ እኛም ጋሼ የምንለው መምህር፣ «ለሦስት ቀን አንብቤ ልመልስልህ» ብሎ ወሰደው። ከዓመት በኋላ አባባ ፀጉር ሊቆረጡ ሄደው፣ ለወረፋ ጠባቂ ከተቀመጡት መጻሕፍት አንዱን አንሥተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። «ዓለምን በላሁ» ይላል ሽፋኑ፤ የደራሲው ስም የጋሼ ነው። ሦስት ገጽ አነበቡ። ከዚያ ግማሽ ራሳቸው ተቆርጦ ግማሹ ሳይቆረጥ ተነሥተው ወደ ቤት መጡ። የቀረውን የቆረጥኩላቸው እኔ ነኝ። መቀሱ ስቶኝ ጆሯቸውን አደማሁት፣ እሳቸው ግን ልብም አላሉት።

ለምን አልከሰሱትም ላልከው፣ አንዱ ማስረጃ ደብተሩ ነው፣ ደብተሩ እሱ ዘንድ ነው። ሌላው ማስረጃ አፍንጫቸው ነው፣ ያንን ደግሞ ማንም እንዲያውቅባቸው አይፈልጉም። ሃያ ሁለት ዓመታቸው ሳለ የመርከቡ በረዶ ቤት ቧንቧ ፈንድቶ ጋዙ አፍንጫቸውን አቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር አያውቁም። ወጥ ሠሪ እንዲህ ሆነ ከተባለ ማን ይቀጥረዋል? ደብቀው በጆሯቸው አበሰሉ። ሽንኩርቱ ድምፁን ሲቀንስ ቀላ ማለት ነው፣ ዘይቱ ሲያጉረመርም እሳቱ በዛ ማለት ነው። ቤት ሲመጡ ደግሞ ወተት መበላሸቱን ለማወቅ እኔን ይጠሩ ነበር፤ «አፍንጫዬ፣ ነዪ እስቲ»። ይህን የምናውቀው እማማ ነፍሷን ይማርና እሷ፣ እኔና አንተ ብቻ ነን።

ደብተሩም እንደ ጌታው ነው። ድምፅ አለው፣ ቅዝቃዜ አለው፣ ልስላሴ አለው፣ ሽታ የለውም። ሌባው ቃል በቃል ሲገለብጥ ይህን አላየም። አንባቢም አላየም፤ «ምግብን የሚያዳምጥ ደራሲ» ብለው ሸለሙት እንጂ።

በግንቦት የመጽሐፉ አሥረኛ ዓመት በዚሁ ሆቴል ይከበራል። ያን ቀን በላሁት ያለውን ሁሉ ሰው ፊት ላበላው አስቤያለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ መልስልኝ። ዘጠናኛው ገጽ ላይ፣ በበረዶ አገር አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚከርም፣ ከዚያም ለወራት ነፋስ ላይ የሚሰቀል የሻርክ ሥጋ አለ። «ዝምተኛ ምግብ ነው» ይላል። «ጥርስ ሥር እንደ ሻማ ይለሰልሳል፣ ጉሮሮን ያቀዘቅዛል። እናት ከተኛ ልጇ አጠገብ ቁጭ ብላ ልትበላው ትችላለች።» አንተ በዚያ ወደብ ታልፋለህ። እውነት ልጁ ይተኛል?

እህትህ

የካቲት 16

ለእታለሜ፣

ልጁ አይተኛም። ሰፈሩም አይተኛም።

በመጀመሪያ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? አባባስ? ለስድቤ ይቅርታ፤ የመጨረሻውን ደብዳቤ ስጽፍ ድስት ጥጄ ነበር፣ ሁለታችንም ፈላን።

ሥጋው የሚሰቀልበት ዳስ ከመንገዱ ሩቅ ነው፣ ግን መንገድ መጠየቅ አላስፈለገኝም፤ አፍንጫዬ መራኝ። አንድ ሽማግሌ ቁራጭ ቆርጦ ሰጠኝ። ዓይኔ አለቀሰ። ሽማግሌው ግን የልጅ ልጁን ጉንጭ እየቆነጠጠ ይሰጠዋል፣ ልጁም እየሳቀ ይበላል። አባባ «እንግዳ ምግብ የለም፣ እንግዳ በላተኛ ነው ያለው» ይሉ አልነበር? ገባኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በሦስት ከረጢት አሽጌ ወደ መርከብ ሳስገባው የእኛ መካኒክ የበረዶ ቤቱ ቧንቧ ፈነዳ ብሎ የአደጋ ደወል ደወለ። ሁላችንም ወደ ላይ ሮጥን። እኔ ደረጃው ላይ ስደርስ ቆምኩ። እታለም፣ ያው ሽታ ነው። አባባን ያቃጠላቸው፣ በሕይወታቸው ለመጨረሻ ጊዜ ያሸተቱት ነገር ያ ነው። ሌላ ሰው የሚሸሸውን ሥጋ እሳቸው ቁጭ ብለው «ዝምተኛ» አሉት። ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ መካኒኩም የጋዙ ነው ብሎ ውሃ አጠጣኝ።

ለግብዣው የሚሆኑ ሌሎች ገጾችም አሉ። የተጠበሰው ሸረሪት አለ፤ እግሩ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰበራል። በአመድና በኖራ ከርሞ እንደ ጥቁር መስታወት የሚሆነው እንቁላል አለ። በውስጡ ትል የሚዘልበት አይብ አለ፤ እሱን ማስገባት ቀላል አይደለም፣ ግን ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ግማቱ ቤት የሚያስለቅቀውን እሾሃሙን ፍሬ እንኳ ተዪው፣ አይቆይም። ያንን ገጽ ታስታውሺዋለሽ? «ፍሬውን ክፍላችን ውስጥ ስቆርጠው የክፍሌ ሰዎች ሁሉ ባሕሩን ሊያዩ ወጡ፤ ያን ቀን ባሕሩ ምን እንደነበረው አላውቅም» ይላል። ሌባው ይህንንም ገልብጦታል፣ ደንቆሮ!

ግን ውርደት ብቻ ይበቃዋል? አንድ ዓሣ አለ፣ ሲቆጣ እንደ ፊኛ የሚነፋ፣ ጉበቱ ከንፈር አደንዝዞ ሰው የሚገድል። እስቲ አስቢበት።

ማንቆርቆሪያው

መጋቢት 20

ለወንድሜ፣

እንዴት ከረምክ? ስለዚያ ዓሣ የጻፍከውን፣ ኋላ በላክኸው ደብዳቤ ደግሞ በደንብ ያብራራኸውንም፣ አላነበብኩትም ብለህ ቁጠረው። እኔ ወጥ ሠሪ ነኝ።

ሥራ አስኪያጁ እሺ ብሏል። አሁንማ ሐሳቡ ከራሱ የመነጨ መስሎታል፤ ለሰው ሁሉ እያወራው ነው። ሰባት ምግብ ከመጽሐፉ፣ መቶ ሃያ እንግዳ፣ ከእያንዳንዱ ምግብ በፊት ደራሲው የራሱን ገጽ ያነባል፣ ከዚያ ሰው ፊት ይቀምሳል። ጋዜጠኞች ተጠርተዋል። «ጋሼ ሦስት ቀን» መጀመሪያ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ካርዱ ታትሟል አለው።

አውቆኝ እንደሆነ ጠይቀሃል። ማክሰኞ ወጥ ቤት ድረስ መጣ። ድስቴን ከፍቶ ጆሮውን አስጠጋና «ልጄ፣ ይህ ሾርባ እየዘመረ ነው» አለኝ። የአባባን ቃል፣ በአባባ አቀራረብ፣ ጆሮውን አዘንብሎ። እዚያው ድስቱ ውስጥ ልዘፍቀው ነበር። ስድስት ዓመት እሑድ እሑድ ወንበር ያቀረብኩለት ሰው ፊቴን አላስታወሰም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሌላም ነገር አወቅሁ። አስተናጋጁ እንደነገረኝ፣ ራሱ ያልተቆረጠ ዓሣ ከቀረበለት ዓይኑን እንዳያይ በጨርቅ ይሸፍነዋል። ዓለምን የበላው ሰውዬ።

አባባ ደህና ናቸው። ትንሽ ጉንፋን ይዟቸው ነበር፣ ተሽሏቸዋል። ፎቶ ልኬልሃለሁ።

እህትህ

ሚያዝያ 11

ለእታለሜ፣

መካኒኩ ዕረፍት ስለወጣ ሳጥኖቹን ይዞልሽ ይመጣል። ዝርዝሩ ክዳኑ ውስጥ ነው። ሻርኩን እስከ ቀኑ ድረስ አትክፈቺው፤ መካኒኩን ደግሞ ምግብ ጋብዢው፣ በኔ ምክንያት ብዙ ታግሷል።

ፎቶውን አየሁት። አንገታቸው ከሸሚዙ ኮሌታ ውስጥ ጠፍቷል። ጉንፋን የሰው አንገት አይበላም። ምን እየደበቅሽኝ ነው? እኔ እዚህ ውሃ መሐል ተጥጄ መዓት ስገምት ነው የማድረው።

ከሁለተኛው ሳጥን ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ አለ። «የፊኛው ዓሣ ጉበት» ብዬ በእጄ ጽፌበታለሁ። አላነበብኩትም ብትዪም ማንበብሽን አውቃለሁ። ሰውዬው በመጽሐፉ «በላሁት፤ ከንፈሬ ተኛ፣ እኔ ሳቅሁ» ብሏል አይደል? ይሳቃ።

ማንቆርቆሪያው

ሚያዝያ 27

ወንድሜ፣

ዋሽቼሃለሁ። ጉንፋን አይደለም፣ ሳንባቸው ነው። ሐኪሙ ክረምቱን አይጨርሱም ብሎኛል። ከጥር ጀምሮ አውቃለሁ። ከነገርኩህ ከመርከብ ዘለህ በዋና ትመጣለህ ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አንተ ከመጣህ ሻርኩን ማን ይልክልኛል ብዬም ነው። ከፈለግህ ጥላኝ።

እነዚህን አሥር ዓመታት ስለ ምግብ ተናግረው አያውቁም። ባለፈው ሳምንት ግን በትኩሳት ሲቃዡ ወደቦቹን አንድ በአንድ ጠሩ፣ ከየወደቡም የበሉትን። ቃል በቃል የመጽሐፉ ገጽ ነው። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አዳመጥኩና የጠላሁትን ሰው እንደ አዲስ ጠላሁት። ጸሎት ቤት መሄድ ትቻለሁ፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።

ሳጥኖቹ ደርሰዋል። ጠርሙሱም ደርሷል፤ ከማቀዝቀዣው ጀርባ ነው። ዛሬ ሦስት ጊዜ አውጥቼ አየሁት። ምን ላደርግበት እንደሆነ አትጠይቀኝ።

እህትህ

ግንቦት 8

እታለም፣

ጠርሙሱን ቅበሪው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ እጄ ሥራ አልሠራ ብሏል። የላክሁት በንዴት ነው፣ ታውቂኛለሽ፣ እኔ እፈላለሁ እንጂ አላቃጥልም። አንቺ ግን ዝም ብለሽ የምትግዪ ነሽ፣ አንቺን ነው የምፈራው።

አባባ ሠላሳ ዓመት አፍንጫ ሳይኖራቸው አብስለው አንድ ሰው አልታመመባቸውም። አንቺ አፍንጫ እያለሽ ሰው ብትመርዢ ከሰውዬው በላይ የምታዋርጂው እሳቸውን ነው። ይህ ወረቀት ከግብዣው በፊት እንዲደርስሽ እለምናለሁ። ስለ አባባ ስለደበቅሽኝ ሌላ ቀን እንጣላለን።

ወንድምሽ

ግንቦት 26

ለማንቆርቆሪያው፣

ጋዜጣው እዚያም መድረሱን ጽፈሃል። ስለዚህ ስለ ተገለበጡት ወንበሮች፣ ስለ መስኮቶቹ፣ ሥራ አስኪያጁም በክራቫቱ አፍንጫውን ስለማሰሩ አልደግምልህም። ጋዜጣው ያልጻፈውን ልንገርህ።

በመጀመሪያ ያስጨነቀህን። ጉበቱን በዕለቱ ጠዋት ድመት እንኳ እንዳያገኘው ከኖራ ጋር በጥልቅ ጉድጓድ ቀበርኩት። ደብዳቤህ የደረሰኝ በማግስቱ ነው፣ ስለዚህ አንተ ያዳንከው እንዳይመስልህ። የሰውዬው ነፍስ አሳዝኖኝም አይደለም። ጓንቴን ሳጠልቅ የአባባ ወጥ ቤት ትዝ አለኝ፣ በቃ። ጠርሙሱን ግን አጥቤ አስቀረሁት።

ሸረሪቱን ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። እንቁላሉን በውሃ አወረደው። አይቡን እንግዶቹ እያጨበጨቡ አስበሉት። ስድስተኛው ያ ዓሣ ነበር። የቀረበለት ግን ለሕመምተኛ የሚሰጥ ተራ ዓሣ ነው። «ከንፈሬ ተኛ፣ እኔ ሳቅሁ» ብሎ አነበበ፣ ቆረሰ፣ ዋጠ። ሲውጥ ጠብቄ ባዶውን ጠርሙስ ከሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት፣ ጽሕፈትህ ወደሱ ዞሮ። አነበበው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ያን ጊዜ አወቀኝ። ምን ይበል? መቶ ሃያ ሰው ፊት በልቼ ሳቅሁ ብሏል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከንፈሩን በጣቱ እየነካካ ተቀመጠ። አልዋሽህም፣ ያን ያህል ደስ ያለኝ ሃያ ደቂቃ የለኝም። ጨካኝ በለኝ።

ሰባተኛውን በየጠረጴዛው በሸክላ ድስት አቀረብን። የድስቱንና የክዳኑን መገጣጠሚያ ዙሪያውን በሊጥ ለጥፌው ነበር፣ ሊጡ ሲደርቅ ትንፋሽ አያሾልክም። ዘጠናኛውን ገጽ አነበበ። ከተኛው ልጅ ላይ ሲደርስ «ጋሼ፣ ሽታውስ እንዴት ነው?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ገጹን ላይ ታች አየው። እዚያ ምንም አልተጻፈም።

«ሽታ የለውም» አለ።

ሊጡን በቢላዋ ሰበርኩት። አስተናጋጆቹም በየጠረጴዛው ሰበሩ። ማን ቀድሞ ሮጠ ላልከኝ፣ እሱ ነው።

አሁን ሁለተኛው የደበቅኩህ ነገር። አባባን አምጥቼያቸው ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሁሉንም ነገርኳቸው፣ አፍንጫቸውም አደባባይ እንደሚወጣ። ከዚያ «ከእንግዲህ ከየትኛው መርከብ ያባርሩኛል?» አሉኝ። በጓሮ በር አስገብቼ ጥግ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጥኳቸው፣ በዚያች ባረጀች ኮታቸው።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን እሳቸው ብቻ ቀሩ። ሥጋውን በስሱ ይቆርጣሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያኝካሉ፣ ያዳምጣሉ። እኔ አፍንጫዬን በመሐረብ አስሬ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። እንግዶቹና ጋዜጠኞቹ ውጭ ሆነው በመስታወቱ ያያሉ። ከጋዜጠኞቹ አንዷ፣ እንዲህ ዓይነት ገጽ ሊጽፍ የሚችለው የማያሸት ሰው ብቻ እንደሆነ የገባት መሰለኝ፤ አፏን ይዛ ተመልሳ ገባችና አባባን ጠየቀቻቸው። እሳቸውም የቀረውን ገጽ በቃላቸው ጨረሱላት። ከገጹ በኋላ ያለውንም፣ ሌባው ያላሳተመውንም። በማግስቱ ጋዜጣው ያወጣው፣ አንተም ያነበብከው እሱን ነው።

እሷ ከመግባቷ በፊት ግን ሹካቸውን አስቀምጠው ዙሪያቸውን አዩ።

«አፍንጫዬ፣ ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«ባሕሩን ሊያዩ ወጡ፣ አባባ» አልኳቸው።

ቃሉ የራሳቸው ገጽ መሆኑ ገባቸው። ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። ከሥራ ተባርሬያለሁ፤ አላዘንኩም።

እህትህ

ሰኔ 24

ወንድሜ፣

እግዚአብሔር ያጽናህ። ለቀብራቸው አለመድረስህን ደጋግመህ አትጻፍልኝ፤ አንተ የላክኸው ነገር በሰዓቱ ደርሷል፣ እሳቸውም ያውቁ ነበር። የመጨረሻ ቃላቸውን ጠይቀኸኛል፣ እጽፍልሃለሁ። አዲሱ እትም በአባባ ስም እንዲወጣ አሳታሚው ፈርሟል፣ ይህንም ሰምተው ነው ያረፉት።

ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ጥቁሩ ደብተር በመልእክተኛ መጣ፣ ከደብዳቤ ጋር። ሰውዬው ከቤት ብዙም አይወጣም አሉ። ሰው ቤት የተጋበዘ እንደሆነም ሳህኑን አሽትተው እየሳቁ ነው የሚያቀርቡለት። ደብዳቤው አራት ገጽ ነው፣ ይቅርታ ይላል፤ በራሱ ቃል የጻፈው የመጀመሪያው ነገር ስለሆነ በደንብ አልተጻፈም።

አባባ ደብተሩን ደረታቸው ላይ አድርገው ዳሰሱት። ከዚያ እንደ ድሮው «አፍንጫዬ፣ ነዪ እስቲ፤ ምን ምን ይላል?» አሉኝ። አሸተትኩት። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ቤት ተቀምጦ የሰውዬውን ሽቶና ትምባሆ ጠጥቷል፣ ሌላ ምንም የለበትም። በዕድሜዬ ስለ ሽታ አባባን ዋሽቻቸው አላውቅም ነበር። «ባሕር ባሕር ይላል» አልኳቸው። ደስ አላቸው። ይህንንም በሰውዬው ዕዳ ላይ ቆጥሬበታለሁ።

ከዚያ «ይቅር በዪው» አሉኝ። የጠየቅኸኝ የመጨረሻ ቃላቸው ይኸው ነው። እሺ አልኳቸው። ለሚሞት ሰው እምቢ አይባልም፣ ለአባባ የሰጠሁትንም ቃል አላጥፍም። ትናንት ለሰውዬው መልስ ጻፍኩለት። አጭር ስለሆነ እዚሁ ገልብጬልሃለሁ፦

«ጋሼ፣ ደብተሩ ደርሶናል። የጠየቁንን ይቅርታ ለሦስት ቀን ላስብበትና እመልስልዎታለሁ።»